ጨው መጀመሪያ የሚበላው ትርፉን ነው

ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ በመኪና የሄደ ሰው በሰቃን ያውቃታል። መተሐራ ልትገቡ ስትሉ መንገዱ ውሃ መሃል ይገባል። በአንድ በኩል የፈንታሌ ተራራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ፣ በሌላ በኩል ሰፊ ሐይቅ። ውሃው ውስጥ እንደቆሙ የደረቁ ግራሮች ይታያሉ። አብዛኛው መንገደኛ በመስኮት አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ ያልፋል። እኔም ለብዙ ጊዜ እንዲሁ ነበር የማልፈው።

እነዚያ ግራሮች ግን ውሃ ውስጥ አልበቀሉም። ደረቅ መሬት ላይ ነው የበቀሉት። ሐይቁ ነው ወደ እነሱ የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሰቃ ወደ 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበረች። ዛሬ ከ40 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ናት። የግጦሽ መሬት ወስዳለች፣ የሸንኮራ ማሳ ወስዳለች፣ መንገዱንና የድሮውን የባቡር ሐዲድ ከፍ አድርገን እንድንሠራ አስገድዳናለች። ለምን እንደሰፋች ባለሙያዎች ሲከራከሩ ኖረዋል። በአካባቢው ከሚገኙት የመስኖ እርሻዎች ወደ መሬት ውስጥ የሚሰርገው ውሃ አንዱ ምክንያት ነው። ከሥር የሚወጡት ፍል ውሃዎችና የስምጥ ሸለቆው የመሬት እንቅስቃሴም አሉበት።

የበሰቃ ውሃ ጨዋማ ነው። እየሰፋች ስትሄድ ጨዋማነቷ ከድሮው ቀንሷል፤ እንደዚያም ሆኖ ለመስኖ አይሆንም። ሐይቋ ሞልታ ከተማውንና እርሻውን እንዳታጥለቀልቅ ውሃዋ እየተመጠነ ወደ አዋሽ እንዲገባ ሲደረግ ቆይቷል። አዋሽ ደግሞ ከዚያ በታች ላሉት ሁሉ የመጠጥና የመስኖ ውሃ ነው። ለአሚባራ፣ ለገዋኔ፣ ለዱብቲ፣ ለአሳይታ።

ስለ በሰቃ ብዙ ተጽፏል። ግልጥ ሆና ስለምትታይ ነው። ዛሬ መጻፍ የፈለግሁት ግን ስለማይታየው ጨው ነው። በፓምፕ ከወንዝ ተስቦ፣ በቦይ ሄዶ፣ ማሳ ላይ ፈስሶ እዚያው ስለሚቀረው። ይህኛው ጨው ማሳውን ነጭ ከማድረጉ ከብዙ ዓመት በፊት የገበሬውን ኪስ ያራቁታል። ይህን ደግሞ ጥቂት ሰው ብቻ ነው የሚያወራው።

ነገሩ ወዲህ ነው። የወንዝ ውሃ፣ የሐይቅ ውሃ፣ የጉድጓድ ውሃ ሁሉ ትንሽም ቢሆን ጨው አለው። ስንጠጣው አይታወቀንም። ማሳ ላይ ሲፈስ ግን ውሃው በፀሐይ ይተናል፣ ተክሉም ይጠጣዋል። ጨው አይተንም። ተክሉም አብዛኛውን ጨው አይወስድም። ስለዚህ አፈሩ ውስጥ ይቀራል። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ውሃ ይመጣል፣ ሌላ ጨው ይጨምራል። በጀበና ውስጥ ውሃ ደጋግማችሁ አፍልታችሁ አትንናችሁ ታውቃላችሁ? ሥሩ ላይ ነጭ ነገር ይጋገራል። ማሳውም እንደዚያ ነው።

ቁጥሩን አብረን እንሥራው። ባለሙያዎች የውሃን ጨዋማነት የሚለኩት ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ በማየት ነው። መለኪያው ዴሲሲመንስ በሜትር ይባላል። ስሙ ስለሚረዝም እኔ እዚህ «ነጥብ» እለዋለሁ። 1 ነጥብ ማለት በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 640 ሚሊግራም ገደማ ጨው አለ ማለት ነው። ከ0.7 ነጥብ በታች የሆነ ውሃ በጨው በኩል ለመስኖ ችግር የለበትም ይባላል። ከ3 ነጥብ በላይ የሆነ ደግሞ ከባድ ችግር ያመጣል።

እንግዲህ «ጥሩ» የሚባለውን እንውሰድ፣ 0.5 ነጥብ። በሞቃት ቆላ አንድ ሄክታር ሽንኩርት በቦይ ለማጠጣት በአንድ ወቅት 8,000 ሜትር ኩብ ውሃ ፈሰሰ እንበል። ማሳው ላይ የገባው ጨው 2,560 ኪሎ ነው። 25 ኩንታል! ማዳበሪያ እንኳ በሄክታር የምንጨምረው ጥቂት ኩንታል ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ካመረትን 50 ኩንታል ይሆናል። ይህ በጥሩ ውሃ ነው። ውሃው 3 ነጥብ ከሆነ በአንድ ወቅት ብቻ ከ150 ኩንታል በላይ ጨው ማሳው ላይ እንዘረግፋለን።

ዝናብ በደንብ የሚጥልበት አገር ክረምቱ ይህን ጨው ወደ ታች ያጥበዋል። ደጋው ላይ ችግሩ እምብዛም የማይሰማው ለዚህ ነው። በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ ግን ዝናቡ ትንሽ ነው፣ ፀሐዩ ብርቱ ነው። መስኖ የሚያስፈልገውም ዝናብ የሌለበት ቦታ ነው። ስለዚህ ጨውና መስኖ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይገናኛሉ።

አዋሽ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ባሕር ግን አይደርስም። ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይተናል። ውሃው ከተፋሰሱ ካልወጣ ጨውም አይወጣም። ላይኛው እርሻ ከማሳው አጥቦ ያወጣው ጨው ተመልሶ ወንዙ ውስጥ ይገባል፤ ቀጥሎ ያለው እርሻ ያንኑ ይስበዋል። ታች ያለው ሰው የሚያጠጣው ውሃ ላይ ያሉት ሁሉ የተጠቀሙበትን ነው።

አሁን ወደ ተክሉ እንግባ። ቲማቲም ከትፋችሁ ጨው ነስንሱበት። ከአፍታ በኋላ ሳህኑ ውሃ ያቁራል። ጨው ውሃን ወደ ራሱ ይስባል። አፈር ውስጥ ያለ ጨውም ከሥሩ ጋር እንዲሁ ይሻማል። ማሳው ርጥብ ነው፣ ተክሉ ግን ይጠማል። ውሃውን ለመሳብ ጉልበቱን ይጨርሳል፤ ለማደግና ለማፍራት የሚተርፈው ያንሳል። ከዚያ ሶዲየምና ክሎራይድ ቅጠሉ ውስጥ ሲጠራቀሙ ጫፉ ይቃጠላል። ያ ግን ዘግይቶ የሚመጣ ምልክት ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ምንም የሚታይ ነገር የለም። ተክሉ አረንጓዴ ነው። ትንሽ ያጥራል፣ ትንሽ ያንሳል። ማሳው በሙሉ እኩል ስለሚያንስ ደግሞ ከምን ጋር ታወዳድረዋለህ?

የትኛው ሰብል ምን ያህል እንደሚችል በደንብ ተጠንቷል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ለዓመታት ሲያሰራጫቸው የቆዩ ቁጥሮች አሉ። እያንዳንዱ ሰብል እስከ አንድ ወሰን ድረስ ይታገሣል። ከዚያ በኋላ አፈሩ ላይ በተጨመረው በእያንዳንዱ ነጥብ ምርቱ በመቶኛ ይቀንሳል። ቦሎቄ 1 ነጥብ ላይ ይጀምረዋል፤ ከዚያ በኋላ በየነጥቡ 19 በመቶ ያጣል። ሽንኩርት 1.2 ላይ ይጀምራል፣ 16 በመቶ ያጣል። በቆሎና ሸንኮራ 1.7 ላይ ይጀምራሉ፤ በቆሎ በየነጥቡ 12 በመቶ ሲያጣ ሸንኮራ 6 በመቶ ገደማ ነው። ቲማቲም እስከ 2.5 ይሄዳል። ስንዴ እስከ 6፣ ጥጥ እስከ 7.7፣ ገብስ እስከ 8 ይችላሉ። እነዚህ የአፈሩ ነጥቦች እንጂ የውሃው አይደሉም። አፈሩ በደንብ እየታጠበ እንኳ ከውሃው አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ጨዋማ ይሆናል። ካልታጠበ ወሰን የለውም።

ገንዘቡ ጋ የምንመጣው እዚህ ላይ ነው። ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

አንድ ሄክታር ሽንኩርት 200 ኩንታል ይሰጣል እንበል። ዋጋው በኩንታል 2,500 ብር ይሁን። ሽያጩ 500,000 ብር ነው። ለዘር፣ ለማዳበሪያ፣ ለመድኃኒት፣ ለናፍጣ፣ ለቀን ሠራተኛና ለመሬት ኪራይ 350,000 ብር ወጣ እንበል። ትርፉ 150,000 ብር። ቁጥሮቹ ለስሌት የወሰድኳቸው ናቸው፤ ገበያው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ የራሳችሁን አስገቡበት።

አሁን የአፈሩ ጨው 2 ነጥብ ደረሰ። ሽንኩርቱ 13 በመቶ ገደማ ያጣል። 200 የነበረው 174 ኩንታል ይሆናል። ሽያጩ 435,000 ብር። ወጪው ግን ያው ነው። ያው ዘር ተገዝቷል፣ ያው ናፍጣ ተቃጥሏል፣ ያው ሰው አርሟል። ትርፉ 85,000 ብር። ምርቱ የቀነሰው 13 በመቶ ነው፤ ትርፉ የቀነሰው 43 በመቶ ነው።

ጨው 3 ነጥብ ቢደርስስ? ምርቱ 29 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ 142 ኩንታል ይሆናል። ሽያጩ 355,000 ብር። ከወጪው ሲቀነስ 5,000 ብር ይተርፋል። ለጆንያና ለጫኝ የሚወጣው ትንሽ ሊቀንስ ይችላል፣ እሺ። ግን ማሳው ላይ አሁንም 142 ኩንታል ሽንኩርት አለ። አላፊ አግዳሚው አይቶ «ዘንድሮ ደህና ነው» ይላል። ባለቤቱ ግን ወቅቱን ሙሉ በነፃ ነው የሠራው።

እኔ ሪፖርት ሳነብ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። «በጨው ምክንያት ምርት ከ10 እስከ 15 በመቶ ቀንሷል» ተብሎ ይጻፋል። ቀላል ይመስላል። 10 በመቶ ምን አለው ይባላል። ነገር ግን ገበሬ የሚኖረው በምርቱ አይደለም፤ ከወጪው በተረፈው ነው። የልጅ ደብተር የሚገዛው፣ ዕዳ የሚከፈለው፣ ለሚቀጥለው ወቅት ዘር የሚያዘው በትርፉ ነው። ጨው ደግሞ መጀመሪያ የሚነካው እሱኑ ነው። በዚህ ላይ ጨው የመታው ሽንኩርት ኮረቱ ያንሳል። ነጋዴው «ደቃቅ ነው» ብሎ ዋጋውን ይሰብራል። ስለዚህ ከላይ ያለው ስሌት እንኳ ለጨው ያደላ ነው።

ገበሬው ታዲያ ምን ያደርጋል? ምርቱ ቀነሰ፣ ምክንያቱ አልታየም። መጀመሪያ ዘሩን ይጠረጥራል። ዘር ቀየረ፤ ያው ሆነ። ከዚያ ማዳበሪያ ያንሰው ይሆናል ይላል። ይጨምራል። ማዳበሪያም ጨው ነው። ተክሉ ውሃ መሳብ ስላቃተው የተጨመረለትን ማዳበሪያ በደንብ አይጠቀምበትም፤ ገንዘቡ ማሳው ላይ ይቀራል። ከዚያ ተክሉ ሲጠወልግ ያይና «ውሃ ጠምቶት ነው» ብሎ ያጠጣል። ደግሞ ያጠጣል። ናፍጣ ይጨምራል። የተጨመረው ውሃ ወዴት ይሄዳል? መውጫ ካለው ጨውን ይዞ ይሄዳል፤ ጥሩ ነው። መውጫ ከሌለው ግን ከሥር ይጠራቀማል።

አሚባራ ላይ የሆነው ይህ ነው። በዚህ ጉዳይ አገራችን ካላት ትምህርት ሁሉ ትልቁ እዚያ ነው ያለው።

መካከለኛው አዋሽ ላይ፣ መልካ ሰዲና መልካ ወረር አካባቢ፣ ሰፋፊ የመንግሥት እርሻዎች ተቋቋሙ። ጥጥ በብዛት ተዘራ፣ ሙዝም ተተከለ። መሬቱ ለም ነው፣ ሜዳ ነው፣ ወንዙ አጠገቡ ነው። ሲጀመር የከርሰ ምድር ውሃው ሩቅ ነበር፤ ከ10 ሜትር በላይ። ስለዚህ ማፍሰሻ፣ ማለትም የተረፈውን ውሃ ከማሳው ሥር የሚያወጣ መስመር፣ አሁን አያስፈልግም ተባለ። ማፍሰሻ ውድ ነው። መሬት ቆፍሮ ቧንቧ መቅበር፣ ዋና ቦይ ማውጣት፣ አንዳንዴም ውሃውን በፓምፕ ማውጣት ይጠይቃል። ያኔ ደግሞ ችግር አልነበረም።

ውሃው ግን በየዓመቱ ይፈሳል። ቦዩ ያንጠባጥባል፣ ማሳው ከሚፈልገው በላይ ይጠጣል። የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ መጣ። በ10 እና በ15 ዓመት ገደማ ውስጥ ብዙ ቦታ ላይ ከወለሉ 1 ሜትር ገደማ ደረሰ። እዚህ ከደረሰ በኋላ ነገሩ ሌላ ነው። ኩራዝ አስታውሱ። ክሩ ጋዙን ከታች ወደ ላይ ይስበዋል። አፈርም የከርሰ ምድሩን ውሃ እንዲሁ ይስበዋል። ላይ ሲደርስ ይተናል፣ ጨዉን ጥሎ። አሁን ባታጠጣም ጨው ይመጣል። ማሳውን ብታሳርፈው እንኳ ይመጣል። እንዲያውም ባዶውን የተተወ ማሳ ይብስበታል፣ ምክንያቱም ከላይ የሚያጥበው ውሃ የለም።

በሺዎች የሚቆጠር ሄክታር ከምርት ወጣ። ሙዝ ጨው አይችልም፤ ቶሎ ተሸነፈ። ጥጥ ጨው ቻይ ነው፤ እሱም ግን ወሰን አለው። በተተወው መሬት ላይ ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ ገባበት። የአፋር አርብቶ አደር መሬቱ የእርሱ ግጦሽ ነበር። መጀመሪያ ለእርሻ ተወሰደበት፣ በኋላ ለጨውና ለእሾህ ቀረለት። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ጊዜ የከፈለው እሱ ነው። ስለ ጠፋ ኩንታል ስናወራ ይህንን መርሳት የለብንም።

ማፍሰሻ ቢሠራ ኖሮ ይድን ነበር ወይ? አዎ። ኋላ ላይ የመሬት ውስጥ ቧንቧ የተቀበረባቸው ማሳዎች ነበሩ። ውሃው መውጫ ሲያገኝና ማሳው በደንብ ሲታጠብ ጨዉ ወርዶ መሬቱ እንደገና ማብቀል እንደሚችል እዚያው አካባቢ ታይቷል። ስለዚህ አፈሩ አልሞተም። ግን ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ማከም ከመጀመሪያው ከመሥራት ይልቅ ብዙ ይጠይቃል፤ በዚያ ላይ ማፍሰሻ የማያቋርጥ እንክብካቤ ይፈልጋል። ቦይ ቢደፈን ውሃ ስለማይመጣ ሁሉም ወዲያው ይጮኻል። ማፍሰሻ ቢደፈን ግን ማንም አይጮኽም። ጨዉ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው።

ግብፆች ይህን ቶሎ ገብቷቸዋል። የአስዋን ግድብ ካለቀ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ማጠጣት ተቻለ፤ የከርሰ ምድር ውሃውም ወደ ላይ መጣባቸው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለዚሁ ሥራ ብቻ መሥሪያ ቤት አቋቁመው ከ2 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ሥር ማፍሰሻ ቧንቧ ቀብረዋል። የናይል ዴልታ እስከ ዛሬ የሚያመርተው በግድቡ ውሃ ብቻ አይደለም። ከመሬቱ በታች ባለው፣ ማንም በማያየው ቧንቧም ጭምር ነው።

እኛ ጋ ዛሬ መስኖ እየሰፋ ነው። ይህ ደስ የሚል ነገር ነው። የበጋ መስኖ ስንዴ በአፋርም በሌሎች ቆላማ ቦታዎችም ተዘርቷል። ፓምፕ እየተከፋፈለ ነው። በዜና የምንሰማው ስንት ሄክታር እንደታረሰ፣ ስንት ፓምፕ እንደተገዛ ነው። ስንት ኪሎ ሜትር ማፍሰሻ ተቆፈረ የሚል ዜና ግን እኔ አልሰማሁም። በጀቱ ሲጠብ መጀመሪያ የሚሰረዘው ማፍሰሻው ነው። አሚባራም የተጀመረው እንዲህ ነበር።

ስንዴው ራሱ ደግሞ ያዘናጋል። እስከ 6 ነጥብ ይችላል ብለናል። ቡቃያ ሆኖ ብቻ ነው ትንሽ የሚሰስተው። ስለዚህ አፈሩ ከ1 ወደ 2፣ ወደ 4 ሲወጣ ስንዴው ምንም አይነግረንም። ምርቱ ደህና ነው፣ ሁሉም ደስ ብሎታል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ገበሬው «ዘንድሮ ሽንኩርት ልሞክር፣ ዋጋው ጥሩ ነው» ይላል። አፈሩ 4 ነጥብ ላይ ከሆነ ሽንኩርቱ 45 በመቶ ገደማ ያጣል። ከላይ ባየነው ስሌት ይህ ትርፍ ሳይሆን ኪሳራ ነው። በጨው ምክንያት ገቢ የሚጠፋበት ሁለተኛው መንገድ ይህ ነው። ጨው የምርት መጠን ብቻ አይቀንስም፤ ምርጫም ይነጥቃል። ብዙ ገንዘብ የሚያስገኙት ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ፎሶሊያ፣ ፍራፍሬ ናቸው፤ ጨው የማይችሉትም እነዚሁ ናቸው። ጨው የሚችሉት ገብስና ጥጥ ደግሞ በሄክታር የሚያስገኙት ያነሰ ነው። መሬቱ ሳይቀንስ፣ ውሃው ሳይቀንስ፣ ገበሬው ወደ ርካሽ ሰብል ይወርዳል።

የመሬት አያያዙም አያግዝም። በስምጥ ሸለቆው ብዙ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚመረተው በኮንትራት ወይም በእኩል ነው። አንዱ መሬት ያቀርባል፣ ሌላው ገንዘብና ፓምፕ ይዞ ይመጣል። ሁለት ወቅት አምርቶ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ይህን ሰው ስለ ጨው ብትነግረው ለምን ይጨነቃል? ሲለቅ ጨዉን ይዞት አይሄድም። የሚቀረው ለባለመሬቱ ነው። ውል ሲጻፍ የኪራይ ዋጋና የክፍያ ቀን ይሰፍራል፤ አፈሩ ሲረከቡትና ሲያስረክቡት ምን ያህል ጨው እንደነበረው ግን አይጻፍም። ቢጻፍ ብዬ እመኛለሁ። ቤት ሲከራይ የመብራትና የውሃ ቆጣሪው ይነበብ የለ?

ሶዲየም የሚባለውን ነገር ደግሞ ሳላነሳ ባልፍ ጽሑፉ ጎዶሎ ይሆናል። የስምጥ ሸለቆ ውሃ፣ በተለይ አንዳንድ የጉድጓድ ውሃዎችና የበሰቃ ዓይነቱ፣ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይበዛባቸዋል። ይህ ከተራ ጨው በላይ ተንኮለኛ ነው። አፈሩን ያበላሸዋል። ሸክላው ይበተንና ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ስታጠጣው ውሃው ላዩ ላይ ይተኛል፤ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይሆናል። ቡቃያው ቅርፊቱን ሰብሮ መውጣት ያቅተዋል። እንዲህ ያለውን አፈር በውሃ ብቻ ላጥበው ብትል ውሃው አይገባልህም። መጀመሪያ ጂፕሰም ያስፈልገዋል፤ ያው ለኮርኒስ ሥራ የምናውቀው። ጂፕሰም ውስጥ ያለው ካልሲየም ሶዲየሙን ከአፈሩ ላይ አስለቅቆ ይተካዋል። ከዚያ በኋላ ነው ማጠብ የሚቻለው። በደንብ የበሰበሰ ፍግም አፈሩን ስለሚያላላ ያግዛል።

ሰው የሚጠይቀኝ ግን «እኔ አንድ ሄክታር ያለኝ ሰው ምን ላድርግ?» ብሎ ነው። ትልቁን ማፍሰሻ አንድ ገበሬ አይሠራውም፤ የመንግሥትና የማኅበር ሥራ ነው። ግን ምንም የማይደረግ ነገር አይደለም።

ከሁሉ በፊት ውሃውን ማወቅ ነው። አንድ ሃይላንድ ውሃ ሞልቶ፣ ከማሳው አፈር ከላይም ከጠለቀም ቦታ ትንሽ ወስዶ ወደ አፈር ላቦራቶሪ መላክ። የእጅ መለኪያም አለ፤ ትንሽ፣ እንደ እስክሪብቶ ያለ ነገር፣ ውሃ ውስጥ ነክረውት ቁጥሩን የሚያነቡት። አንድ ማኅበር ወይም አንድ ቀበሌ አንዱን በጋራ ቢገዛው ለሁሉም ይደርሳል። የልማት ሠራተኛው ከማዳበሪያው ምክር ጋር ይህን ይዞ ቢዞር ለኔ ከብዙ ሥልጠና ይበልጣል። ውሃው በየወቅቱ እንደሚለዋወጥም አትርሱ። ክረምት ላይ ጨዉ የሚሳሳው ወንዝ በጋ ላይ ጨዉ ይበዛበታል።

ቀጥሎ የአጠጣጡ ዘዴ ነው። በቦይ ስታጠጡ ጨው የሚሰበሰበው መደቡ አናት ላይ ነው፤ ውሃው ከሁለት ወገን ተስቦ ወጥቶ እዚያ ስለሚተን። ችግኙን መሃል አናቱ ላይ ከተከላችሁት ጨው መሃል ተከላችሁት ማለት ነው። ወደ ጎን፣ ትከሻው ላይ ብትተክሉት ግን ይተርፋል። ዋጋ የማያስወጣ ለውጥ ነው። ከመዝራት በፊት ማሳውን አንድ ጊዜ በደንብ ማጥገብም ቡቃያውን ያድነዋል። ጨው በጣም የሚጎዳው በዚያ ዕድሜው ነውና። ጠብታ መስኖ ውሃ ይቆጥባል፣ እውነት ነው። ጨዉን ግን አያጠፋም። ርጥበቱ የሚያበቃበት ጠርዝ ላይ ይከምረዋል፤ በማግሥቱ ያልታሰበ ዝናብ ሲጥል ወደ ሥሩ ይመልሰዋል። ጠብታ መስኖ የገባ ሁሉ ከጨው ዳነ ማለት አይደለም።

አንዳንዱ መሬት ደግሞ ሽንኩርት ይብቃው መባል አለበት። በአፋር ይህ ሽንፈት አይደለም። ሮደስ ሳርን የመሰሉ ጨው የሚችሉ የመኖ ሣሮች ወረር አካባቢ ተሞክረዋል። ከብት፣ ፍየልና ግመል ላለው አርብቶ አደር መኖ ገንዘብ ነው። በጨው የተጎዳ መሬትን በጥጥ ወይም በሽንኩርት እንዲያገለግል ከማስገደድ መኖ አብቅሎ እንስሳ ማደለብ የተሻለ ገቢ የሚሰጥበት ቦታ ብዙ ነው ብዬ አምናለሁ። ሣሩ አፈሩን ይሸፍናል፣ ትነቱም ይቀንሳል።

የኔ ትልቁ ስጋት ግን አዋሽ ላይ አይደለም። አዋሽ ላይ ችግሩ ከታወቀ ቆይቷል። ስጋቴ ዝዋይ ነው፤ የደምበል ሐይቅ። ከመቂ እስከ ባቱ ያለው ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ጥቅል ጎመን፣ የአበባ እርሻው ሁሉ የሚጠጣው ከዚያ ነው። አዲስ አበባ ገበያ ላይ የምንገዛው ብዙ አትክልትም የዚያ አካባቢ ነው። ሐይቁ ሰፊ ነው፣ ግን ጥልቀት የለውም። አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ገደማ ነው። ውሃው እስከ ዛሬ ለመስኖ የሆነው ሐይቁ መውጫ ስላለው ነው። መቂና ካታር ወንዞች ያስገባሉ፣ ቡልቡላ ያስወጣል። በቡልቡላ በኩል ውሃው ጨዉን ይዞ ወደ አብጃታ ይሄዳል።

አብጃታ መውጫ የለውም። ስለዚህ የመጣው ጨው ሁሉ እዚያ ተጠራቅሟል። ውሃው ሶዳ ሆኗል፤ የሶዳ አሽ ፋብሪካ የተሠራበትም ለዚህ ነው። ማንም ሽንኩርት በአብጃታ ውሃ አያጠጣም። ወደ አብጃታ የሚደርሰው ውሃ እያነሰ ሐይቁ በጣም ሸሽቷል፤ የድሮ ዳርቻው ዛሬ ሜዳ ነው።

ከዝዋይ የሚሳበው ውሃ በየዓመቱ እየጨመረ ነው። የሐይቁ ወለል ከቡልቡላ አፍ በታች ከወረደና በዚያው ከቀረ፣ ዝዋይም መውጫ አልባ ይሆናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መቂና ካታር የሚያመጡት ጨው ሁሉ፣ ከየማሳው ታጥቦ የሚመለሰውም ጭምር፣ እዚያው ይቀራል። ከ0.5 ነጥብ በታች የነበረ ውሃ 1 ነጥብ ሲሆን፣ ከዚያም 2 ሲሆን በዓይን አይለይም። ሽንኩርቱን ግን አፈሩ 1.2 ሲደርስ ይጀምረዋል። ሐይቁ ዳር ያሉት ፓምፖች ግን ያኔም እንደ ዛሬው ከንጋት እስከ ማታ ይሠራሉ።